ከድንች የተሠራ ጎማ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ ቤት መጣች። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። «ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ ሁሌ ይምታቱብኛል» ብላ ጣቷን ሁለት ቃላት ላይ አሳረፈች፤ ዲሃይድሬሽን እና ዲሃይድሮጅኔሽን። ሳቄ መጣ። እኔንም በሷ ዕድሜ ፈተና ላይ ጉድ የሠሩኝ እነዚሁ ናቸው። ያኔ እንደ ጸሎት ነበር የምንሸመድደው፤ «አልኮል በሰልፈሪክ አሲድ 140 ዲግሪ ላይ ኤተር፣ 170 ዲግሪ ላይ ኤቲሊን፣ በጋለ መዳብ ላይ አልዴሃይድ»። ለምን? የጠየቀም የለ፣ የነገረንም የለ።

ልዩነቱን እንደምንም አስረዳኋት። ገባት። ከዛ ደብተሯን እያጠፈች «እሺ፣ ይሄ ነገር ግን ከፈተና ውጪ ለማን ጠቅሞ ያውቃል?» አለችኝ። «ኧረ ለብዙ ነገር» ብዬ አድበስብሼ አለፍኩት።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በራሴ አፈርኩ። ምክንያቱም ጥያቄዋ መልስ አለው፤ ያውም ትልቅ መልስ። አንድ ግዙፍ አገር መኪናዎቹን የሚያቆምበት ጎማ አጥቶ፣ ተስፋውን በነዚህ ሁለት ቃላት ላይ የጣለበት ጊዜ ነበር። ለእሷ የጻፍኩትን ነው ለእናንተም የማካፍላችሁ።

*

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ጠላ ውስጥም፣ ጠጅ ውስጥም፣ አረቄ ውስጥም ያለው አልኮል አንድ ነው፤ ኤታኖል ይባላል። አንዷ ቅንጣት ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አላት።

ከዚች ቅንጣት ላይ ሁለት ሃይድሮጅንና አንዱን ኦክስጅን አንድ ላይ ብንነቅል የወጣው ነገር ውሃ ነው። የሚቀረው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ይሄ ዲሃይድሬሽን ነው፤ ውሃ መንጠቅ። ሁለት የአልኮል ቅንጣቶች ተጋግዘው አንድ ውሃ ብቻ ካወጡ ደግሞ የሚቀሩት ተያይዘው ነው፤ ያ ኤተር ነው፣ የድሮ ሐኪሞች በሽተኛ ያስተኙበት የነበረው።

አሁን ኦክስጅኑን ሳንነካ ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ብንነቅልስ? የሚቀረው አሴታልዴሃይድ ነው። ይሄኛው ዲሃይድሮጅኔሽን ነው። በአንዱ የሚወጣው ውሃ፣ በሌላው የሚወጣው ሃይድሮጅን። ልዩነቱ ይሄው ነው፣ በቃ።

(ክሊኒክ ስትሄዱ «ዲሃይድሬሽን ነው፣ ፈሳሽ ውሰጂ» የሚሉት ሌላ ነገር ነው። እሱ ሰውነት ውስጥ ያለ ውሃ ማለቁ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ቅንጣቷ ውስጥ ጭራሽ ውሃ ሆኖ ያልነበረን ነገር ውሃ አድርጎ ስለማውጣት ነው።)

ሁለተኛውን እኮ ሳናውቀው በየቀኑ እንሠራዋለን። አንድ ሰው መለኪያ አረቄ ሲጨልጥ ጉበቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ሃይድሮጅን መንቀል ነው። አልኮሉ አሴታልዴሃይድ ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ ከአልኮሉ የከፋ መርዝ ስለሆነ ሰውነት ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ነገር ሊቀይረው ይሯሯጣል።

ስሙም ታሪክ አለው። «አልዴሃይድ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1835 ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ሊቢግ ነው። በላቲን «ሃይድሮጅን የተነቀለበት አልኮል» የሚለውን ሐረግ ቆራርጦ ነው የሠራው። «አልኮል» ራሱ ደግሞ ከዓረብኛው «አል ኩሕል» የመጣ ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል! ቃሉ መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄት ማለት ነበር፣ ቀስ በቀስ የአንድ ነገር ንጥር ማለት ሆነ፣ በመጨረሻ ለመጠጡ ንጥር ቀረ። ሊቢግ ሲቆራርጠው ታዲያ ኩሉ ወድቆ «አል» ብቻ ተረፈች።

*

ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ቦታው ሩሲያ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፤ ጊዜው 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲጠባ።

ቭላዲሚር ኢፓቲዬፍ የሚባል የመድፈኛ አካዳሚ የኬሚስትሪ መምህር የአልኮል እንፋሎት በጋለ ቱቦ ውስጥ ያሳልፋል። ቱቦው የብረት ሲሆን በሌላው ጫፍ የሚወጣው በብዛት አልዴሃይድና ሃይድሮጅን ሆነ። ቱቦው ውስጥ አሉሚና፣ ማለትም የሸክላ አፈር ዘመድ የሆነውን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ሲያደርግበት ግን የሚወጣው ኤቲሊንና ውሃ ነው። ያው አልኮል፣ ያው እሳት፤ የተቀየረው የነካው ነገር ብቻ ነው። አንዱን ቡና በአንዱ ጀበና ስታፈሉት ቡና፣ በሌላው ጀበና ስታፈሉት ሻይ ሆኖ ቢቀዳ ምን ትሉ ነበር?

ይሄ ካታሊስት የምንለው ነው፤ ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያቀላጥፍ፣ መንገድም የሚመርጥ። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬም፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው፣ በቱሉዝ ከተማ ይሄንኑ በሰፊው አጠና፤ መዳብ ሃይድሮጅን ይነቅላል፣ አሉሚና ውሃ ይነቅላል። ያ እኛ «በጋለ መዳብ ላይ አልዴሃይድ» እያልን የሸመደድነው መስመር ከዚህ ዘመን ሥራ የመጣ ነው። አንዲት መስመር፣ ከጀርባዋ የሰዎች ዕድሜ።

*

አሁን ደግሞ ጎማ።

በዚያ ዘመን ጎማ ማለት የዛፍ ወተት ነው። ዛፉ የብራዚል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የሚባል እንግሊዛዊ 70,000 ያህል ዘር ከአማዞን ወደ ለንደን አወጣ። ከዛ በሲሎንና በማላያ ተተከለ። 1920ዎቹ ላይ ስንደርስ የዓለም ጎማ አብዛኛው የሚመጣው እንግሊዝና ሆላንድ ከሚገዟቸው የእስያ ቅኝ ግዛቶች ነው። እንግሊዞች ዋጋ ወደቀብን ብለው እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ውጪ የሚላከውን በሕግ ገደቡ፤ ዋጋው ተተኮሰ።

ሶቪየት ኅብረት አስቡት። መኪና ልትሠራ፣ ትራክተር ልትሠራ፣ ጦር ልታስታጥቅ ነው። የጎማ ዛፍ ግን በበረዶ አገር አይበቅልም። ሁሉንም በውጪ ምንዛሪ፣ ያውም ከማይወዷት አገሮች መግዛት አለባት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1926 ውድድር አወጣች፤ ሰው ሠራሽ ጎማ መሥራት የሚችል፣ አገር ውስጥ ካለ ርካሽ ነገር የተሠራ 2 ኪሎ ናሙና ከነአሠራሩ ይዞ ይቅረብ፤ የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 1928።

እዚህ ላይ ነው ሰርጌይ ሌቤዴፍ የሚመጣው። ተወልዶ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው፤ በሌኒንግራድ በወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ ያስተምራል። ከአብዮቱ በፊት ጀምሮ ቡታዳይን የሚባል ጋዝ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ቡታዳይን አራት ካርቦን ያላት ትንሽ ቅንጣት ናት። ብዙዎቹ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ ያ ሰንሰለት የሚለጠጥ ጎማ ነው። ማያያዙን ሌቤዴፍ ያውቅበታል፤ ሶዲየም ብረት ይጨመርበታል። ችግሩ ቡታዳይኑ ራሱ ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

ሩሲያ ውስጥ የማይጠፋ ነገር ምንድን ነው? አልኮል! ከድንችም ከእህልም የሚወጣ፣ ፋብሪካው ድሮም ያለ፣ ቮድካ የሚሆነው ያው አልኮል።

ግን ኤታኖል ሁለት ካርቦን ነው፤ ቡታዳይን አራት። ሁለት አልኮል ማጋባት ያስፈልጋል። ጋብቻው ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከአንዳንዶቹ ሃይድሮጅን ይነቀልና አልዴሃይድ ይሆናሉ። አልዴሃይዶች እርስ በርስ መያያዝ ይወዳሉ። ከተያያዙ በኋላ ውሃ እየተነቀለ፣ እየተነቀለ የሚቀረው ቡታዳይን ነው። ማለትም የእህቴን ልጅ ያምታቱባት ሁለቱ ቃላት እዚህ አንድ ላይ፣ በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ጊዜ መሠራት አለባቸው። አንዱ ብቻውን ከሮጠ ኤቲሊን ብቻ ይወጣል፤ ሌላው ብቻውን ከሮጠ አልዴሃይድ ብቻ።

ሌቤዴፍ ምን አደረገ? ሁለቱን ጀበናዎች ደባለቃቸው። ሃይድሮጅን የሚነቅለውን ዚንክ ኦክሳይድና ውሃ የሚነቅለውን አሉሚና በአንድ ካታሊስት አዋሃደ፤ የአልኮሉን እንፋሎት 400 ዲግሪ ገደማ ላይ አሳለፈበት። ከምድጃው የወጣው ድብልቅ ውስጥ ቡታዳይን ነበረበት።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ቡታዳይን ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ ክፍል ውስጥ ካስቀመጡት ተንኖ ይጠፋል። ማቀዝቀዣ የላቸውም። የሌቤዴፍ ቡድን ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ማታ ማታ ነው የሚሠሩት። በረዶውን ከኔቫ ወንዝ እየቆረጡ ያመጡ ነበር። 2 ኪሎ ጎማ በዚህ ሁኔታ ተጠራቀመ። በዲሴምበር 1927 መጨረሻ፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ናሙናው ሞስኮ ሄደ። ቦሪስ ቢዞፍ የሚባል ሌላ ኬሚስት ከነዳጅ ዘይት የሚነሳ ዘዴ ይዞ ቀርቦ ነበር፤ የተመረጠው ግን የሌቤዴፍ ሆነ። አልኮሉ ዝግጁ ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ1931 መጀመሪያ በሌኒንግራድ የሙከራ ፋብሪካው ጎማ አወጣ። በ1932 ያሮስላቭልና ቮሮኔዥ ላይ ትልልቆቹ ተከፈቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዬፍሬሞፍ። ሰው ሠራሽ ጎማ በዚህ መጠን በፋብሪካ ያመረተ አገር ከዚያ በፊት አልነበረም።

*

እዚህ ላይ ሳወራላት የእህቴ ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቆይ ጋሼ፣ ስንት ድንች ነው ግን የሚፈጀው?»

አብረን አሰላነው። ሁለት ኤታኖል አንድ ቡታዳይን፣ ሁለት ውሃና አንድ የሃይድሮጅን ጋዝ ይሰጣል። በክብደት ስናየው 92 ኪሎ አልኮል፣ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ 54 ኪሎ ቡታዳይን፣ 36 ኪሎ ውሃና 2 ኪሎ ሃይድሮጅን ነው። ከሲሶው በላይ ተመልሶ ውሃ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ቶን ድንች ደግሞ በጥሩ አያያዝ ወደ 100 ሊትር ገደማ አልኮል ይሰጣል፤ እሱ 79 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከ10 ኩንታል ድንች በወረቀት ላይ ቢበዛ 46 ኪሎ ጎማ። ፋብሪካ ውስጥ ከዚህም ያንሳል፤ ምክንያቱም ካታሊስቱ ከቡታዳይን ሌላ ብዙ የማይፈለግ ነገርም ያወጣል።

ዝም አለች። ከዛ «10 ኩንታል እኮ አንድ ቤተሰብ ዓመት ይበላዋል» አለች።

አዎ። ለዚህ ነው ዓመተ ምሕረቱን ደግማችሁ እንድታዩት የምፈልገው። 1932። ያሮስላቭል ላይ ጎማው መውጣት በጀመረበት በዚያው ዓመት ዩክሬን ውስጥ፣ በካዛኽስታን፣ በቮልጋና በሰሜን ካውካሰስ ረሃብ ነበር፤ እስከ 1933 ድረስ ሚሊዮኖች ሞቱ። ረሃቡን ያመጣው ጎማው አይደለም። ገበሬውን በግድ ወደ ማኅበር እርሻ ማስገባቱና ከጎተራው ያለርኅራኄ የተሰበሰበው እህል ነው። እንዲያውም ሰዉ እየተራበ መንግሥት እህል ወደ ውጪ ይልክ ነበር። ግን ያው መንግሥት በያው ዓመት ከእህልና ከድንች በተጣራ አልኮል የመኪና ጎማ እየሠራ «ድል» ይል ነበር። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ ሳስቀምጣቸው ይከብደኛል፤ ለያይቶ መተረክ ግን የባሰ ውሸት ነው የሚመስለኝ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይሄን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገንም። የበዓል ድግስና የረሃብ ዓመት በአንድ አገር፣ በአንድ ወቅት ሲገጣጠሙ አይተናል።

*

ሌቤዴፍ የሥራውን ፍሬ ብዙ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1932 የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ሆነ፣ በሜይ 1934 በታይፈስ ሞተ፤ 59 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ አና ኦስትሮውሞቫ ሌቤዴቫ በእንጨት ቅርጽ ሕትመትና በውሃ ቀለም ሥዕል የታወቀች ሠዓሊ ናት፤ የቅዱስ ጴጥሮስን ድልድዮችና ወንዞች የሣለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማው ሲከበብ አልወጣችም፤ እዚያው ሆና አሳለፈችው። በኖቬምበርና በዲሴምበር 1941 ለብዙው ነዋሪ የሚታደለው ዳቦ በቀን 125 ግራም ነበር፤ የአንድ እጅ መዳፍ የማትሞላ ቁራሽ። ከተማውን ያተረፈው ዱቄት ክረምቱ ሲገባ በላዶጋ ሐይቅ በረዶ ላይ በጭነት መኪና ነው የመጣው። በጎማ ላይ ማለት ነው።

ይሄን ስጽፍ ፍርዴ ወዲያና ወዲህ ይላል። ድንቹ ጎማ ባይሆን ኖሮ ለሰው ይደርስ ነበር? ጎማው ባይኖርስ ዱቄቱ ይደርስ ነበር? ለእህቴ ልጅም ይሄን ጥያቄ እንዳለ ነው የተውኩላት።

*

በዚያው ጦርነት አሜሪካም ወደ ተመሳሳይ በር መጣች። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና የሆላንድን ኢንዶኔዥያ ስትይዝ አሜሪካ ከጎማ ምንጯ ዘጠኝ አሥረኛውን ያህል አጣች። የነዳጅ ኩባንያዎች «ከነዳጅ እንሥራው» ይላሉ፤ የእርሻ አካባቢ የምክር ቤት አባላት ደግሞ «ገበሬያችን የተትረፈረፈ እህል አለው፣ ከአልኮል ይሠራ» ይላሉ። ምክር ቤቱ ከእህል የሚሠራውን ጎማ የሚመራ የራሱ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኦገስት ላይ ውድቅ አደረጉትና ነገሩን በበርናርድ ባሩክ ለሚመራ ኮሚቴ ሰጡት። ኮሚቴው በሴፕቴምበር 1942 ሪፖርቱን አቀረበ፤ ሁለቱም መንገዶች ቀጠሉ። ከአልኮል የሚነሳው ፋብሪካ ቶሎ ስለደረሰ በ1943 ከተመረተው ቡታዳይን አብዛኛው ከአልኮል የመጣ ነበር።

የአሜሪካኖቹ አሠራር ሥራውን ለሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው ምድጃ የአልኮሉ ከፊል በመዳብ ላይ አልዴሃይድ ይሆናል፤ ያቺ የደብተራችን መስመር! በሁለተኛው ምድጃ አልዴሃይዱና ያልተነካው አልኮል ተገናኝተው ውሃ እየጣሉ ቡታዳይን ይሆናሉ። የዚህ ዘዴ አባት ኢቫን ኦስትሮሚስሌንስኪ የሚባል ሌላ ሩሲያዊ ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ አሜሪካ ገብቶ ጦርነቱን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ውስጥ ሞቷል። ኢፓቲዬፍም፣ ያ የቱቦው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 አገሩን ጥሎ ወጥቶ በዚያ ጊዜ ቺካጎ አካባቢ ነበር። አገራቸውን የለቀቁ ሰዎች ያመጡት እውቀት፣ ለተቀበላቸው አገር።

ያው ሁለት ቃላት ናቸው። በአንዱ አገር ከትርፍ እህል፣ በሌላው አገር እህል ባጣ ሕዝብ መካከል። ካታሊስት ከአልኮሉ ምን እንደሚነቀል ይወስናል፤ እህሉ ከማን ጎተራ እንደሚነቀል የሚወስኑት ግን ሰዎች ናቸው።

*

ከጦርነቱ በኋላ ነዳጅ ረከሰ። ቡታዳይንን ከነዳጅ ጋዝ ማውጣት ቀለለ፤ ሶቪየቶችም አልኮሉን ራሱን ከነዳጅ መሥራት ጀመሩ። እንዴት? ኤቲሊን ላይ ውሃ በመጨመር። ዲሃይድሬሽን ወደ ኋላ ሲሄድ ማለት ነው። የሌቤዴፍ ምድጃ እህል መብላቱን እያቆመ መጣ፣ ከዛም ዘዴው ራሱ ተረሳ።

አሁን ደግሞ ተመልሷል። ብራዚል ውስጥ በ2010 የሸንኮራ አገዳ አልኮል ውሃው እየተነቀለ በዓመት 200,000 ቶን ኤቲሊን ማምረት ይችል የነበረ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ፕላስቲክ ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ጎማ አምራቹ ሚሽላን ከአጋሮቹ ጋር ከእፅዋት አልኮል ቡታዳይን ለማውጣት እየሠራ ነው። ምክንያቱ አሁን የአየር ንብረት ነው፣ ጥሩ ምክንያት ነው። ግን በ10 ኩንታል ድንች ያሰላነው ስሌት አልተለወጠም። መሬቱ ለምግብ ነው ወይስ ለጎማ የሚለው ጥያቄም ያው ነው። ከገለባ፣ ከእንጨት ፍርፋሪ የሚወጣ አልኮል ላይ የሚደረገው ጥናት ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ።

ለእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ ለፈተና እንዲሆናት አንድ ነገር አልኳት፤ «ሃይድሬሽን ስትሰሚ ውሃ፣ ሃይድሮጅን ስትሰሚ ሃይድሮጅን። መዳብና ዚንክ ኦክሳይድ ሃይድሮጅን ይነቅላሉ፤ አሉሚናና ሰልፈሪክ አሲድ ውሃ።» ደብተሯ ጠርዝ ላይ ጻፈችው። ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ጽሕፈት «ድንቹ የማን ነበር?» ብላ ጨመረች።

ይሄኛው ፈተና ላይ አይመጣም። ቢመጣ ደስ ባለኝ።

ቸር እንሰንብት።